ሆዱ የእኔ፣ አስተያየቱ የሰፈሩ

በአምስተኛው ወር ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ መግባት ጀመረ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ከሆዴ ቀድሞ የሚገባው ወሬው ነበር። «ምነው ወፈርሽ?» ይሉኛል ዐይናቸውን ወገቤ ላይ ተክለው። «አይ፣ ተከራይ አስገብቼ ነው» እላለሁ። «ኪራዩ ስንት ነው?» የሚል አይጠፋም። «እስካሁን የምከፍለው እኔ ነኝ።»

ጂንሴ ግን ተከራይ አልወደደም። ቁልፉ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ከዚያ ጭራሽ ከቀዳዳው ጋር መተያየት ተወ። እህቴ መላ አላት፦ የፀጉር ላስቲክ በቁልፉ ቀዳዳ ታሾልኪና ሁለቱን ጫፍ ቁልፉ ላይ ታጠልቂዋለሽ፣ ከላይ ረዘም ያለ ቲሸርት ጣል ታደርጊበታለሽ፣ ወር ሁለት ወር ያሻግርሻል። እውነቷን ነው፣ አሻገረኝ፤ ባንክ ወረፋ ላይ ቆሜ እስካስነጠስኩ ድረስ። ላስቲኩ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ከኋላዬ የቆሙ አንድ አባት «ምን ወደቀ?» አሉ።

«ብር ነው» አልኳቸው።

«እሱስ የወደቀው ሐምሌ 2016 ነው፤ እኔ የጠየቅኩሽ ዛሬ የወደቀውን ነው!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሱሪዬን በአንድ እጄ፣ የባንክ ደብተሬን በሌላው ይዤ ሳቅኩ። በተረብ መሸነፍ አያሳፍርም፤ ሱሪ ግን ያሳፍራል። ስለዚህ ወደ ገበያ።

«ግቢ እህቴ፣ የእርጉዝ አለ!»

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ። ጎረምሳው ያወረደልኝ ቀሚስ ትከሻው ለእኔና ለባለቤቴ አንድ ላይ ይበቃል፤ ሆዱ ላይ ግን ከማንኛውም ቀሚስ አይለይም።

«ይኼ እኮ ትልቅ ልብስ እንጂ የእርጉዝ ልብስ አይደለም።»

«እህቴ፣ ማርገዝ ማለት መተለቅ አይደል?»

«ትከሻዬ አላረገዘም።»

«ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል።»

«ለሁሉም የሚሆን ከሆነ እኔ ምን በደልኩ?»

«ኦሪጅናል የቱርክ ነው ስልሽ!»

«ቱርክ ሴቶች የሚያረግዙት በትከሻ ነው?»

ልጁን ብቻውን አልወቅሰውም፤ የከተማው ነጋዴ ግማሹ እንደ እሱ ነው የሚያስበው። እርጉዝ ስትመጣ ሁለት ቁጥር ጨምሮ ማቀበል ነው። ነገሩ ግን በሚዛን የታወቀ ነው። እርግዝናዋን በጤናማ ክብደት የጀመረች ሴት እስክትወልድ ድረስ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ሐኪሞች ደግ ነው ይላሉ። ከዚያ ውስጥ ሕፃኑ ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው። የቀረውን የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውሃው፣ ማሕፀኑ፣ ወደ ግማሽ ያህል የሚጨምረው ደም፣ ጡትና ለማጥባት የሚቀመጠው ስብ ይካፈሉታል። በዝርዝሩ ውስጥ ትከሻ የለም፤ አንገትም የለም። ሁለት ቁጥር ጨምረሽ የገዛሽው ቀሚስ አንገቱ እየተንሸራተተ ጡት መያዣሽን ለሰፈር ያሳያል፣ እጅጌው ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ሆድሽ ላይ ግን ያው ይወጠራል። ይባስ ብሎ ሆድ ጨርቁን ወደ ፊት ሲገፋው የፊት ጫፉ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ከኋላ ቁርጭምጭሚትሽን የሚነካ ቀሚስ ከፊት ጉልበትሽን ያሳያል፤ ከፊት የሚያይሽ «ዘመናዊ ናት» ሲል ከኋላ የሚያይሽ «ጨዋ ናት» ይላል።

በደንብ የተሰፋ የእርጉዝ ቀሚስ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ትከሻና አንገቱ የድሮ ቁጥርሽ ነው። የፊተኛው ጨርቅ ከኋለኛው ረዝሞ ይቆረጥና ትርፉ በሁለቱ ጎን ስፌት ላይ ሽብሽብ ተደርጎ ይያያዛል፤ ሆድ ሲገፋ ሽብሽቡ ይፈታል፣ ጫፉም እኩል ይወርዳል። ለማወቅ ሰርተፍኬት አያስፈልግም፤ ቀሚሱን ገልብጦ የጎን ስፌቱን ማየት ነው። ሽብሽብ ከሌለው፣ ፊትና ኋላው ጠረጴዛ ላይ ሲነጠፍ እኩል ከሆነ፣ የእርጉዝነቱ ማስረጃ የሻጩ አፍ ብቻ ነው።

ገልብጬ አየሁት። ሽብሽብ የለም።

«ልብስ ልትገዢ ነው ስፌት ልትፈትሺ የመጣሽው?» አለኝ።

«ስፌቱን ሳላይ ከገዛሁ የገዛሁት ወሬ ነው። ለማንኛውም ስንት ነው?»

«3500።»

«ይኼው ራሱ ቀሚስ በሩ ላይ ተሰቅሎ 2000 አላልከኝም?»

«ያ የተራ ሰው ነው፤ ይኼ የእርጉዝ።»

«እንግዲያው ተራ ሰው ሆኜ ልግዛውና ውጪ ወጥቼ ላርግዝ!»

ጎረቤቱ ባለሱቅ ከሳቁ የተነሳ ካልኩሌተሩን ጣለ። ጎረምሳው ግን ነጋዴ ነው፣ አልተበገረም፤ «ለምላስሽ ቅናሽ የለንም» አለኝ። ወደድኩት። ቀሚሱን ግን አልገዛሁትም።

ወደ ቤት ስመለስ የታክሲው ረዳት «እናት፣ አንቺ የሁለት ሰው ነው የምትከፍዪው» አለኝ። «ገና ሳይወለድ ትርፍ ከጫንከው ትራፊክ ልጥራልህ?» አልኩት። የአንድ ሰው ተቀበለኝ።

ቦሌ ያለው ሱቅ ሌላ ዓለም ነው። መብራት አለ፣ መስታወት አለ፣ ሽቶ አለ፣ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ግን የለም። ሻጯ ልጅ ትሕትናዋ ልዩ ነው። «ስንተኛ ወርሽ ነው?» «ስድስት ጨርሼ ሰባት ጀመርኩ።» «በፍጹም አትመስዪም!» «ሐኪሜ እንዳትሰማሽ፣ ትደነግጣለች።»

እዚህ እውነተኛው የእርጉዝ ሱሪ አለ፤ ወገቡ ላይ ከቁልፍና ከዚፕ ይልቅ የሚለጠጥ ሰፊ ጨርቅ የተሰፋበት። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጨርቁ ሆድን ሙሉ ለሙሉ ሸፍኖ እስከ ጡት ስር ይደርሳል፤ መጨረሻው ላይ ሆድ ሲከብድ ደገፍ ያደርጋል፣ ሱሪውም ወደ ታች አይንሸራተትም። ሌላኛው ከሆድ ስር ያልፋል፤ ሙቀት ለሚያስጨንቃት፣ ሆዷ ሲነካ ለምትቆጣ ይሻላል። የትኛው ይበልጣል ቢሉኝ ለእኔ የመጀመሪያው፤ እህቴ ግን ለሁለት እርግዝና ሁለተኛውን ነው የለበሰችው፣ እስካሁንም ትከራከረኛለች።

«ልለካው» አልኩ። መጋረጃ ያለበት ጥግ አሳየችኝ።

«ወንበር አላችሁ?»

«ለምን?»

«ልለካው ነዋ።»

«ቆመሽ አይደል የሚለካው?»

ቆሞ የማያምር ሱሪ የለም፤ ፈተናው ስትቀመጪ ነው። ስትቀመጪ ሆድ ጭን ላይ ይወርዳል፣ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ ላስቲኩ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ስትነሺ ጥልቅ ቀይ መስመር ጥሎብሽ ከሄደ ያ ሱሪ ቅጣት ነው። ሆድ ላይ የሚያጣብቅ ልብስ ቃርንም ያባብሳል፤ በኋለኞቹ ወራት ቃር ማንንም አይምርም። ወንበሩ መጣ፤ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ከዚያ አንድ እግሬን እስከምችለው ድረስ ወደ ላይ አነሳሁ። ልጅቷ በመጋረጃው ጫፍ አጮልቃ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለች።

«ታክሲ እየተሳፈርኩ።»

ሱሪው ተሳፈረ። ገዛሁት። ዋጋውን ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁት ምጥ ከአሁኑ ቢለማመድ ይሻላል አሰኝቶኛል።

ባለቤቴ ራሱን የቻለ አምድ ይገባዋል፤ ቦታ ስለሌለኝ ባጭሩ ላሳልፈው። «የእኔን ሸሚዝ ለምን አትለብሺም?» አለኝ በቁጠባ መንፈስ። «ለብሼው አልፌያለሁ፤ አሁን አንተም ተጨምረህበት አይበቃኝም።» «ታዲያ ሦስት ወር ለሚለበስ ልብስ ይኼ ሁሉ ገንዘብ?» «የሠርግህ ሱፍ ስንት ሰዓት ተለበሰ?» ዝም አለ። ጥያቄው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

ደሞዝተኛ ሴት ቢሮ የምትለብሰው የእርጉዝ ልብስ ዕድሜው አጭር ነው። እስከ አራተኛ አምስተኛ ወር ድረስ የፀጉር ላስቲክና ሰፋ ያለ ቀሚስ ይበቃል። ከመውለጃው በፊት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ዕረፍት ከነደሞዙ ይሰጣል። መሐል ላይ የሚቀረው ሦስት አራት ወር ነው። ለዚህ ሁለት ሱሪ፣ አንዱ ጥቁር፤ ከላይ ሦስት አራት የሚለጠጥ ጥጥ፤ ሰው ፊት የሚወጣበት አንድ ቀሚስ። ከዚህ የበለጠ የገዛች ገንዘብ ያላት ናት፤ እግዜር ይጨምርላት። ካርዲጋንና ጃኬት መግዛት አያስፈልግም፤ ያለሽን ቁልፉን ከፍተሽ ልበሺው፣ ሆድ ከመሐል ብቅ ይላል።

ስለ ዕረፍት ካነሳሁ፣ አለቃዬም ድርሻቸውን ተወጥተዋል። አንድ ሰኞ ቱታ ሱሪ ለብሼ መጣሁ፤ እግሬ አብጦ ሌላው አልገባ ብሎኝ ነበር። ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «ስፖርት ጀመርሽ እንዴ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ክብደት ማንሳት። ቀኑን ሙሉ አላስቀምጠውም።»

«የመሥሪያ ቤቱ የአለባበስ ደንብ...»

«ደንቡ ስለ ሆድ ምን ይላል?»

«ዝም ይላል።»

«እኔም እንደ ደንቡ ዝም ልበል።»

ስለ እግር እብጠት አንድ ቁም ነገር ልጣል፤ ተረበኛም ቁም ነገር አንዳንዴ ያመልጠዋል። ወደ ማታ ቁርጭምጭሚት ማበጡ የተለመደ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ ጫማ ይፈታዋል። የእርግዝና ሆርሞን ጅማቶችን ስለሚያላላ እግር ራሱ ይሰፋል፤ አንዳንዷ ከወለደች በኋላም ወደ ድሮ ቁጥሯ አትመለስም። ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዐይን ብዥ ካለ ግን ጫማ ቤት አይኬድም፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው። የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቀልድ አያውቅም።

አማቴ ዘንድ ግን ምላሴ እንደ ቦሌው አይደለም፤ እዚያ በ«እርስዎ» ነው የሚታጠፈው። ፌስታሉን ይዤ ስገባ አዩኝና ደረታቸውን መቱ። «ሳይወለድ ልብስ ይገዛል እንዴ? ምን ነካሽ ልጄ!»

«እማማ፣ ለልጁ አይደለም፣ ለእኔ ነው። እኔ ተወልጃለሁ።»

«እስኪ ልየው... ይኼማ ሆድሽ ላይ ልጥፍ ይላል። ዓይን ይበላሻል፣ ሰፊ ልበሺ።»

«ባለፈው ሰፊ ስለብስ መንታ ነው ተብሎ ተወራ እኮ።»

«ታዲያ መንታ ቢባል ምናለበት?»

«አንደኛውን የት አደረግሽው ሲሉኝ ምን ልበል?»

ሳቁና ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝ። «በይ ይኼን ደርቢበት፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።» ነጠላዋ ደግሞ፣ ማመን አለብኝ፣ ቦሌ በሺዎች ከሚሸጠው ካባ ሁሉ ትበልጣለች። ትከሻ ላይ ስትጣል ቁጥር አትጠይቅም፣ ልጁ ሲመጣም ሲጠባ መከለያ ትሆናለች። ጎረቤቴ ሐያት በዚህ በኩል ቀድማናለች። ዘመዶቿ ከጅዳ የላኩላትን አባያ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው ለበሰችው። ሰፈሩ ማርገዟን ያወቀው ሕፃኑ ሲያለቅስ ነው። «የእርጉዝ ልብስ ስንት ገዛሽ?» ብላት «ወሬኛ ስንት ከሰረ በይኝ» አለችኝ።

ዘመድ ከላከ የእኔም አጎት ልጅ ከዲሲ ልካለች። ሁለት የእርጉዝ ጂንስ፣ የቢሯ ጓደኞች ተፈራርቀው የለበሱት፤ መንገደኛው ከ23 ኪሎው ላይ ቀንሶ ይዞልኝ መጣ። እዚያ አገር መለኪያ ክፍል ውስጥ ሆድ ላይ የሚታሰር ትራስ አለ ብላ ነገረችኝ፤ ገና ሆዷ ያልገፋች ሴት ታስረውና ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እንደሚሆን ታያለች። ይህን ለእህቴ ሳወራ «እኛ አገር ይኼ ቢመጣ ታክሲ ውስጥ ቦታ ለማስለቀቅ ነው የሚሰረቀው» አለች።

ትራስ ሲነሳ የቴሌግራም ነጋዴዎችን መዝለል ኃጢአት ነው። ፎቶው ላይ ፈገግ ያለች ሞዴል፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። ከስሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ጻፍኩ፦ «ሞዴሏ ስንተኛ ወሯ ነው?» መልስ መጣ፦ «አላረገዘችም ውዴ፣ ትራስ ነው።» «ስለዚህ የሰፋችሁት ለትራስ ነዋ።» «ይሆንሻል፣ ይለጠጣል።» «ተለጥጦ ይመለሳል ወይስ ሄዶ ይቀራል?» እስካሁን በመተየብ ላይ ናቸው። ጨርቅ መለጠጡ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሳብ አድርገሽ ስትለቂው ወደ ቦታው ካልገባ በሁለተኛው እጥበት ጉልበቱ ላይ ከረጢት ያወጣል። በስልክ ደግሞ ጨርቅ አይሳብም።

ስለ ፎቶ ካነሳን አሁን ሌላ መጥቷል፤ የእርግዝና ፎቶ። ቀሚሱ ኪራይ ነው፣ ጅራቱ አምስት ሜትር፣ ጨርቁ ወንፊት። ጅራቱን አየር ላይ የሚወረውር አንድ ልጅ አብሮ ይከራያል። ጓደኛዬ እንጦጦ ወጥታ ተነሳች፤ ነፋሱ ጅራቱን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀለው። «እንዴት ነበር?» ብላት «ቆንጆ ነበር፣ ዛፉም ወጥቶለታል» አለች።

ይህ ሆድን የመሸፈንና ያለመሸፈን ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ፈረንጅም በጊዜው ታምሶበታል። ሊና ብራያንት የምትባል፣ ከሊትዌኒያ በልጅነቷ ተሰዳ ኒው ዮርክ የገባች፣ ባሏ ሞቶባት ልጇን በስፌት የምታሳድግ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1904 ሱቅ ልትከፍት ባንክ ሄዳ ስሟ «ሌን» ተብሎ በስሕተት ተጻፈ፤ ሌን ብራያንት የሚባለው ትልቅ ሱቅ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አንዲት እርጉዝ ደንበኛዋ ሰው ፊት የምትወጣበት ምቹ ልብስ ስትጠይቃት ወገቡ ላይ ላስቲክ ያለው፣ ታችኛው ሽንሽን የሆነ ቀሚስ ሠራችላት። ቀሚሱ በአፍ በአፍ ተሸጠ። ጋዜጦች ግን ማስታወቂያውን አናትምም አሉ፤ በዚያ ዘመን እርጉዝ ሴት አደባባይ ላይ እንደሌለች ነበር የምትቆጠረው። ዓመታት አልፈው በ1911 ኒው ዮርክ ሄራልድ እሺ ብሎ አወጣው፤ በማግስቱ ያለው ልብስ ሁሉ ተሸጦ አለቀ። ለካ የሌሉ የተባሉት ሴቶች ጋዜጣ ያነቡ ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን ሊና ያን ሁሉ ዓመት አትጠብቅም ነበር፤ ለአንዲት ጎረቤት ሹክ ብትል እስከ ማታ ፒያሳ ይደርስላታል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1938 ዳላስ ላይ ኤልሲ ፍራንክፈርት እርጉዟ እህቷ የለበሰችው አላምር ቢላት፣ ጠባብ ጉርድ ወስዳ ሆዱ ላይ በመስኮት ልክ ቀደደችውና በማሰሪያ እንዲሰፋ አደረገች። ከላይ ጃኬት ሲለበስበት ቀዳዳው አይታይም። እህትማማቾቹ አሠራሩን አስመዝግበው ፔጅ ቦይ የሚል ድርጅት ከፈቱ፣ ከበሩም። ሳስበው የፀጉር ላስቲኩን ያስመዘገበ ባይኖር እህቴን ነበር የምልካት።

ለወንድሜ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ያስፈልግ ነበርና ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ሽሮ ሜዳ ጨርቅ የምትነኪበት ቦታ ነው፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ትውልድ ከትውልድ የሠሩበት። የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ናቸው። ያወጡልኝ የዘመኑን ነው፦ ሽፎን፣ ወገቡ ስርጉድ ያለ፣ ከኋላ ዚፕ።

«ወገቡን ትንሽ ገባ አድርገን ከስሩ ሽንሽን ብንለቀውስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወገቤ የት እንዳለ ካወቁ ይንገሩኝ፤ እኔም እየፈለግኩት ነው።»

መነጽራቸውን ገፍተው አዩኝ። «አልጠፋም ልጄ። ለእንግዳ አልጋውን ለቆ ነው፤ እንግዳው ሲወጣ ይመለሳል። ሁሉም ባይመለስ።»

እኚህ ሰውዬ ይችላሉ አልኩ በልቤ። ሽፎኑን መለሱና መነን አወጡ። «ይኼ ጥጥ ነው፣ ያስተነፍስሻል፤ ያኛው ሠርጉ ሳያልቅ ያፈላሻል» አሉ። የድሮው የእናቶቻችን ቀሚስ እኮ ከመጀመሪያውም የእርጉዝ ነበር። ከትከሻ ወርዶ ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ስፌት የሌለው፤ ወገብ የሚሠራለት መቀነቱ ነው። ሆድ ሲገፋ መቀነቱ ከፍ ይላል፣ ጡት ስር ይደርሳል፤ ከተወለደ በኋላ ወደ ቦታው ይወርዳል። አያቴ ሰባት ልጅ የወለደችው ልብስ ሳትቀይር፣ መቀነት ብቻ እየቀየረች ነው። ወገቡን ቀርጸን ዚፕ የገጠምንበት እኛ ነን፤ አሁን ደግሞ «የእርጉዝ የሐበሻ ቀሚስ» ብለን በእጥፍ የምንገዛውም እኛው።

«እንዲህ ላድርግልሽ» አሉ ጋሼ። ስፌቱ ጡት ስር ይሁን፣ ከዚያ በታች ይለቀቅ። ፊቱን ከኋላው አራት ጣት ያህል ላስረዝመው፤ ጥለቱ ሆድሽ ላይ ወጥቶ እንዳይንጋደድ። ደረቱ ላይ ጥልፉን ለሁለት ከፍዬ ቁልፍ ልደብቅበት፤ ለክርስትናው እያጠባሽ ትለብሺዋለሽ። በጎንና በጎን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ላስቀር፤ ስትወልጂ ላጥብብልሽ ወይ ላስፋልሽ፣ እንደ ገንፎው። ይህን ሁሉ የተናገሩት አንድ እጃቸው ሜትር እየዘረጋ፣ ሌላው እጃቸው በሳሙና ጨርቁ ላይ ምልክት እየጣለ ነው።

ሜትሩ ሆዴን ሲዞር ከትናንት ወዲያ ጤና ጣቢያ የሆነው ትዝ ብሎኝ ነገርኳቸው። ሲስተር አጋድማኝ ከታች ከአጥንቱ እስከ ማሕፀኑ አናት ድረስ በሜትር ለካችና «28» ብላ ጻፈች።

«የስንት ቁጥር ነው እሱ? ለሱሪ ነው ለቀሚስ?» አልኳት።

«የሳምንት ነው» አለች ሳትስቅ።

ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ያ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ በጣም ካነሰ ወይ ከበዛ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። በ20ኛው ሳምንት አናቱ እንብርት ላይ ይደርሳል፤ የሱሪ ቁልፍ ነፍሱ የሚወጣውም በዚያ ሰሞን ነው። ጋሼ በጥሞና ሰሙኝና ሜትራቸውን አዩት። «እኔ ደግሞ 40 ዓመት ሙሉ በዚህ ስለካ ስንት ሳምንት እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረኝም።»

«እርስዎ የሚለኩት ዙሪያውን ነው፣ እሷ ቁመቱን።»

«ለዚህ ነዋ ሲስተሯ ደሞዝ ያላት፣ እኔ ቀብድ የምጠይቀው። ግማሹን ክፈዪ።»

ከፈልኩ።

የውስጥ ልብሱን እዚህ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ለብቻዬ ጨርሻለሁ፤ ግን ብታስቀሩት ቅር ይለኛል፣ ከሁሉም መጀመሪያ መገዛት ያለበት እሱ ነውና። ጡት ገና ሆድ ሳይታይ ይለወጣል፤ የድሮውን መያዣ ችክ ብላ የምትለብስ ሴት ቀኑን ሙሉ የምትነጫነጨው በባሏ አይደለም፣ በላስቲኩ ነው። ሽቦ የሌለው፣ ማሰሪያው ሰፊ የሆነ ይሻላል። ስምንተኛ ወር ላይ ከፊት የሚከፈተውን የማጥቢያውን ገዝቶ ማስቀመጥ ነው፤ ወተት ሲመጣ ይጨምራልና ትንሽ ለቀቅ ያለውን። ከስር ደግሞ ጥጥ። ናይለን እርጥበት ይይዛል፣ ያሳክካል። ይህን ለሻጩ ወንድ መጠየቅ ያፈረች «የእህቴ ነው» ትላለች። እሱም «እህትሽ ስንተኛ ወሯ ነው?» ይላታል ሆዷን እያየ።

አሁን ልብሱ ተገዝቷል፣ ሆዱ ሠላሳውን ሳምንት አልፏል፣ የሰፈሩ አስተያየት ግን አላለቀም። ትናንት የባለቤቴ እህት መጣች። እሷም አራት ወር ሆኗታል፤ ገና ለአማቴ አልተነገረም፣ እኔም አልነገርኳችሁም። ከዲሲ የመጡትን ጂንሶች ገልብጣ ስፌታቸውን አየች፣ ላስቲኩን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፤ ጎበዝ ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እነዚህን መቼ ነው የምትጨርሻቸው?»

«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ፣» አልኳት ሆዴን እያሳየኋት፣ «የያዛቸው እሱ ነው።»

ጎንበስ ብላ ሆዴን አንኳኳች። «ስማ አንተ! ወረፋ አለ!»